ቢግ ባንድ፦ ከመሪው ጀርባ ስለተቀመጡት ሰዎች የምናወራበት ክር

ባሪቶኑ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የጃዝ ቤተሰብ። እዚህ ስለ ቢግ ባንድ (ያው ከአስራ ምናምን ሰው በላይ ያለው ትልቁ የጃዝ ባንድ) በተወራ ቁጥር ዱክ ኤሊንግተን፣ ካውንት ቤዚ፣ ቤኒ ጉድማን እያልን የመሪዎቹን ስም ብቻ ነው የምንደረድረው። ዛሬ ግን ከነሱ ኋላ ቁጭ ብለው ዕድሜያቸውን ስለጨረሱት ሰዎች ብናወራስ ብዬ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንጣላ።)

የኔ ሰው ሃሪ ካርኒ ነው፣ ባሪቶን ሳክስፎን ተጫዋች፣ ያ ትልቁ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሳክስፎን። የቦስተን ልጅ ነው፣ በ1927 ገና በ17 ዓመቱ ኤሊንግተን ጋ ገባ፣ ከዛ በኋላ ኩርፊያ የለ፣ «የራሴን ባንድ ላቋቁም» የለ፣ እዛ ማዶ የተሻለ ብር አለ ብሎ መሄድ የለ፣ ኤሊንግተን ሜይ 1974 እስኪሞት ድረስ እዛው ነው። እሱም በዛው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሞተ። ሌሎቹ እኮ ወጥተው የተመለሱ ናቸው። ጆኒ ሆጅስ እንኳን በ1951 ወጥቶ የራሱን ባንድ ሞክሮ በ1955 ነው የተመለሰው፣ ኩቲ ዊሊያምስ ደግሞ በ1940 ወጥቶ እስኪመጣ 22 ዓመት ፈጅቶበታል። ካርኒ ግን ንቅንቅ አላለም።

ባንዱ በአውቶቡስ ሲጓዝ ኤሊንግተን ከካርኒ መኪና ጋቢና ነበር የሚቀመጠው። ካርኒ ይነዳል፣ ሰውዬው ደሞ መንገዱን እያየ ዜማ ያወጣል። ከዛ ሲደርሱ ወርዶ ያንን ትልቁን ሳክስፎን አንስቶ መጫወት ነው። ድካም የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ ይሄ ሰው?

ድምፁን መለየት የፈለገ «ሶፊስቲኬትድ ሌዲ»ን በላይቭ የተቀዳውን ይፈልግ። መጨረሻው ላይ አንዷን ኖታ ይይዛታል፣ ይይዛታል፣ ሰው ማጨብጨብ ይጀምራል እሱ አሁንም ይዟታል። በአፍንጫው አየር እየሳበ በጉንጩ ያጠራቀመውን እየገፋ ነው የሚነፋው፣ ትንፋሹ አይቆረጥም። ኤሊንግተን ደግሞ ይሄን ድምፅ ስለሚያውቅ ባሪቶኑን እንደ ሌላው ባንድ ሁልጊዜ ታች መሠረቱ ላይ አያስቀምጠውም፣ አንዳንዴ ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ኖታዎች) መሀል ያልጠበቅሽው ኖታ ላይ ይወረውረዋል፣ ከዛ ሙሉው ባንድ ቀለሙ ይቀየራል። ለሙዚቀኞቹ የሚጽፈው ወረቀት ላይ እኮ «ሁለተኛ ትራምፔት (ጥሩምባ)» ምናምን ብሎ ሳይሆን ስማቸውን ወይ ቅጽል ስማቸውን ነበር የሚያደርገው። ለመሳሪያ አይደለም የሚጽፈው፣ ለሰው ነው።

እስቲ የናንተን ሰው አምጡ።

ካንሳስ_ሲቲ

ወንድሜ ካርኒን አልነካም ግን ፍሬዲ ግሪን ሳይነሳ ይሄ ክር ባይከፈት ይሻል ነበር ሃሃሃ። ካውንት ቤዚ ጋ በ1937 ገባ፣ በ1987 እስኪሞት እዛው። ቤዚ ራሱ በ1984 ሞቶ እሱ ቀጥሏል!! 50 ዓመት ሙሉ ጊታር ሲመታ ሶሎ አደረገ የሚባልበትን ጊዜ በጣት ትቆጥረዋለህ። አምፕሊፋየር የለው፣ ማይክ የለው፣ አራት ምት፣ አራት ምት፣ አራት ምት፣ ሌሊቱን ሙሉ። ከኋላው 13 ሰው ሳክስፎን፣ ጥሩምባና ትሮምቦን ሲነፋበት በእንጨት ጊታር!

እና ጊታሩን «አልሰማውም» ይላሉ ሰዎች። ትክክል ናችሁ አትሰሙትም፣ ከበሮውና ቤዙ አንድ ሰው የሚመታቸው የሚመስላችሁ ግን በሱ ነው። ክሩን ከጊታሩ አንገት በጣም ከፍ አድርጎ ነበር የሚወጥረው፣ እጅ የሚበላ ነገር ነው፣ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ድምፅ የሚወጣው እንደሱ ሲሆን ነው። ኮርዱንም ሙሉውን አይመታም፣ አንዷን ወይ ሁለቷን ክር ብቻ ነው በደንብ እንድትጮህ የሚያደርገው።

«ሊል ዳርሊን»ን ስሙ፣ በ1957 የተቀዳውን። ኒል ሄፍቲ ሲጽፈው ፈጠን ያለ ነበር ይባላል፣ ቤዚ ነው ቀስ ይበል ያለው። እንደዛ ቀስ ያለ ነገር 16 ሰው ሳይወድቅ ሳይነሳ አንድ ላይ መጫወት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በባንድ ውስጥ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል። በፍጥነት ማንም ይደበቃል፣ ቀስ ስትል ነው የምትጋለጠው። የዌንደል ከሊ የጥሩምባ ሶሎም አለች እዛ ውስጥ፣ ሚዩት አድርጎ (የጥሩምባውን አፍ ደፍኖ)፣ ስስ ናት።

ሸገር_ቪኒል

ካንሳስ ስለ ፍሬዲ ግሪን ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን አንተ ሁሌ የአዲስ ኪዳኑ ሰው ነህ። ለማያውቅ፦ የቤዚ አድናቂዎች ባንዱን ለሁለት ይከፍሉታል፣ ከ1930ዎቹ እስከ 1950 የነበረው ብሉይ ኪዳን፣ ከ1952 በኋላ እንደገና ያቋቋመው ደግሞ አዲስ ኪዳን። እኔ የብሉይ ኪዳን አማኝ ነኝ፣ አልደብቅም።

አዲሱ ባንድ ንጹሕ ነው፣ ሁሉም በወረቀት የተጻፈ ነው፣ ያምራል። የድሮው ግን ግማሹ በወረቀት አልተጻፈም፣ እዛው መድረክ ላይ አንዱ ሴክሽን ሐረግ ያነሳል ሌላው ይቀበለዋል፣ እንደዛ እየተቀባበሉ ነው ዘፈን የሚሠሩት። «ዋን ኦክሎክ ጃምፕ» እንደዛ የተወለደ ነው። ደግሞ ሁለቱን ቴነር ሳክስፎን ተጫዋቾች አስቧቸው፣ ሌስተር ያንግ እና ኸርሼል ኢቫንስ። አንዱ ቀላል ንፋስ ነው አንዱ ወፍራም፣ ተቃራኒ ናቸው፣ ቤዚ ሆን ብሎ ያፋጥጣቸው ነበር። ኢቫንስ በ1939 በ29 ዓመቱ ሞተ፣ አሁን ስሙን የሚያነሳ የለም፣ ሌስተር ብቻ ነው የሚወራው። እኔ ግን ኢቫንስን ነው የምመርጠው፣ ስድቡን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

ካንሳስ_ሲቲ

ኢቫንስ ከሌስተር??? ሰውዬ ጤና ነህ ግን

ሸገር_ቪኒል

ብያለሁ አልመለስም

ጀማሪ_ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ አዲስ ነኝ እዚህ። ሙላቱን እሰማለሁ፣ ማይልስ ዴቪስን ትንሽ እሰማለሁ፣ ቢግ ባንድ ግን ስከፍተው ሁሉም በአንዴ የሚጮህ ነው የሚመስለኝ፣ የድሮ ካርቱን ሙዚቃ ነገር። እናንተ እንዲህ አንድ በአንድ የምታወሩትን ሰው እኔ እንዴት ነው ከዛ ሁሉ ጩኸት ነጥዬ የምሰማው? ሳትስቁብኝ።

ባሪቶኑ

ማንም አይስቅም። መጀመሪያ አቀማመጡን እወቅ። ብዙ ጊዜ 5 ሳክስፎን ከፊት (ሁለት አልቶ፣ ሁለት ቴነር፣ አንድ ባሪቶን)፣ ከነሱ ኋላ 3 ወይ 4 ትሮምቦን፣ ከዛ ከኋላ 4 ትራምፔት፣ ጎን ላይ ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ አንዳንዴ ጊታር። ሁሉም አንዴ አይደለም የሚናገሩት፣ ሳክሶቹ ሲጠይቁ ጥሩምባዎቹ ይመልሳሉ። እንደ አዝማሪና ተቀባይ አስበው።

በኢርፎን የኤሊንግተንን «ኮተን ቴይል» ክፈት፣ 1940፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ ናት። መጀመሪያ ስትሰማ ቤዙን ብቻ ተከተል፣ ጂሚ ብላንተን ነው፣ ቤዝን ከማጀቢያነት ያወጣው ልጅ፣ በ23 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ሁለተኛ ስትሰማ ቤን ዌብስተርን፣ ቴነሩን። ከዛ ወደ መጨረሻው አምስቱ ሳክሶች እንደ አንድ ሰው ተያይዘው ሲሮጡ ትሰማለህ፣ ያቺን ክፍል ራሱ ዌብስተር ነው የሠራት። እዛ ጋ ታች ያለው ወፍራም ድምፅ ካርኒ ነው። ተመልሰህ ንገረኝ።

ጡረተኛው_ጥሩምባ

ልጆች እንደምን ናችሁ። እኔ ሳነብ ብቻ ነው የምኖረው፣ ዛሬ ግን ጣቴ አላስቻለኝም። በወጣትነቴ በአንድ የጦር ኦርኬስትራ ውስጥ ሦስተኛ ጥሩምባ ነበርኩ። ሦስተኛ ማለት ማንም የማይሰማህ ማለት ነው፣ ከጎደልክ ግን ሁሉም ያውቃል።

ስለ ኤሊንግተን ጥሩምባዎች ላንሳ። ያ የሚያጉረመርመው፣ እንደ ሰው የሚያለቅሰው ድምፅ በምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? የሽንት ቤት ቱቦ ሲደፈን የሚገፋበት ጎማ አለ አይደል፣ እንጨቱን ነቅለህ ጎማውን ብቻ በግራ እጅህ ይዘህ የጥሩምባው አፍ ላይ ትከፍታለህ ትዘጋለህ፣ በዛው ላይ በጉሮሮህ ታጉረመርማለህ። በ20ዎቹ ባበር ማይሊ የሚባል ጥሩምባ ነፊ ነው ለኤሊንግተን ባንድ ይሄን ያመጣው፣ ትሪኪ ሳም ናንተን ደግሞ በትሮምቦን አናገረው። ማይሊ በ1929 ሲወጣ ኩቲ ዊሊያምስ ተተካ፣ እስኪለምደው ጊዜ ወስዶበታል ከዛ ግን ከማይሊ የበለጠ ሆነ እላለሁ እኔ። እኛም ሞክረነዋል፣ ከንፈር ያደማል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፣ አለቃችን «ይሄ ጥሩምባ ነው ወይስ ጅብ» ብሎ አስቆመን።

የኛንም ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ፣ እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ባንዶች ነበሩ፣ ሳክሶችና ጥሩምባዎች ትሮምቦኖች ያሏቸው፣ ልክ እንደ ቢግ ባንድ። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ኋላም የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ኖታ ያስተማሩት፣ አሬንጅመንት (ዘፈኑን ለባንዱ ማቀናበር) የሠሩት ብዙ ነው። ከጥላሁን ገሠሠ ኋላ የሚሰማው ነሐስ ሁሉ የወታደር ትንፋሽ ነው። ግን የዘፋኙ ስም በሸክላው ላይ አለ፣ የነፋው ሰው ስም የለም። የኤሊንግተን ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ሰው ስም ነበር ስትሉ እኔ ሆዴ ባባ።

ባሪቶኑ

ጋሼ እጅ ነሳሁ። እባክዎ ከዚህ በኋላ ዝም ብለው አያንብቡ፣ ይጻፉልን።

ሰናይት_ቶሮንቶ

ጋሼ በጣም እናመሰግናለን፣ ስለ ጌታቸው መኩሪያም ቢጽፉልን ደስ ይለኛል፣ እሱ እንኳ ስሙ የቀረ ነው፣ ሸለላን በቴነር ሳክስፎን ያወረደ ሰው።

እኔ ደግሞ የማመጣው ሰው ሜልባ ሊስተንን ነው። እስካሁን የተነሱት ሁሉ ወንዶች ናቸው አስተውላችኋል? ሜልባ ትሮምቦን ተጫዋች ናት፣ ካንሳስ ሲቲ በ1926 ተወለደች (ስምህን የያዝክባት ከተማ ልጅ ናት ወንድሜ፣ እስካሁን አላነሳሃትም!)፣ ከጄራልድ ዊልሰን ባንድ ጀምራ፣ በ1956 ጥሩምባ ነፊው ዲዚ ጊሌስፒ ለስቴት ዲፓርትመንት (ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ) ባደረገው ጉዞ ላይ ትሮምቦን ሴክሽኑ ውስጥ ነበረች፣ ቀጥላ ኩዊንሲ ጆንስ ጋ። አሬንጅመንቷ ግን ከመጫወቷም ይበልጣል ባይ ነኝ። የፒያኒስቱን የራንዲ ዌስተንን «ኡሁሩ አፍሪካ» ያሰናዳችው እሷ ናት፣ 1960፣ ብዙ አገሮች ነፃ በሚወጡበት ዓመት። ያን አልበም ከፍታችሁ ነሐሱ ከበሮዎቹ ላይ እንዴት እንደሚገባ ስሙ፣ አይጋፋም፣ ቦታ እየለቀቀ ነው የሚገባው።

ደግሞ ኢንተርናሽናል ስዊትኸርትስ ኦፍ ሪትም የሚባሉ ነበሩ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ከነበረ ትምህርት ቤት በ1937 የተነሱ፣ ሁሉም ሴቶች፣ ጥቁርም ነጭም ሌላም ዘር የተቀላቀለባቸው። ደቡብ ውስጥ ያ በሕግ የሚያሳስር ነበር፣ ሆቴልም ስለማያገኙ አውቶቡሳቸው ውስጥ ነበር የሚያድሩት። እነሱን እንደ ጉድ አይቶ ማለፍ ይቀናናል እንጂ እንደ ባንድ የሚሰማቸው ጥቂት ነው። ስሟቸው፣ ያስደንሳሉ።

ካንሳስ_ሲቲ

ሰናይትዬ ልክ ነሽ፣ ሜሪ ሉ ዊሊያምስንም ጨምሪበት፣ አንዲ ከርክ ባንድ ውስጥ ፒያኖውም አሬንጅመንቱም የሷ ነበር፣ ካንሳስ ሲቲ ነው ያም። ካሳዬን ከፈልኩ።

ሾፌሩ_ዲሲ

የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። እናንተ ሰዎች ኤሊንግተን የኛ ሰፈር ልጅ መሆኑን ትረሳላችሁ ልበል? 1899 ዋሽንግተን ዲሲ ነው የተወለደው። ያደገበት ቤት 13ኛው ጎዳና ላይ ነው፣ ከዩ ስትሪት ብዙም አይርቅም። 9ኛና ዩ ጋ ያሉት የኛ ምግብ ቤቶች፣ ግማሹ አበሻ ቅዳሜ ማታ ፓርኪንግ አጣሁ ብሎ የሚራገምበት ቦታ፣ የሱ ሰፈር ነው። ሃዋርድ ቴአትር እዛው ቲ ስትሪት ላይ አለ፣ 1910 የተከፈተ። አዳምስ ሞርጋንን ከዉድሊ ፓርክ የሚያገናኘው ድልድይ እንኳ ዱክ ኤሊንግተን ድልድይ ነው የሚባለው፣ ስንቴ ተሳፋሪ ይዤ አልፌበታለሁ ማንም ስሙን አያነሳም።

ሌላው ደግሞ፣ ሰውዬው አዲስ አበባ መጥቷል። በ1973 መጨረሻ፣ በኛ 1966 ገና ሲጀምር፣ ስቴት ዲፓርትመንት በላከው ጉዞ። ጃንሆይ ሜዳሊያ ሸልመውታል። እንግዳውን እንዲያስተናግድ የተመደበው ማን ነበር? ሙላቱ አስታጥቄ። ሙላቱ ለዛ ባንድ ሙዚቃ አዘጋጅቶ ኤሊንግተን አስጫውቶለታል። እስቲ ቀኑን አስቡት፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ የካቲት ላይ አብዮቱ ፈነዳ፣ ግንቦት ላይ ኤሊንግተን ሞተ፣ መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ። ከዛ ሰዓት እላፊው መጣ፣ የማታው ሙዚቃ ተዘጋ።

ባሪቶኑ

ካርኒም ያኔ ባንዱ ውስጥ እንደነበረ አትርሱ!!

ሁሉን_ተጠራጣሪ

ደስ የሚል ክር ነው፣ ግን አንድ የማይመች ጥያቄ ልጠይቅ። ይሄ ሙዚቃ እኮ በጊዜው የጭፈራ ፖፕ ነበር። እናንተ ግን እንደ ቅርስ ነው የያዛችሁት። ጥሩ ቢሆን ኖሮ ለምን ሞተ? ሰው ጆሮው ስለሰለቸ አይደለም?

ሸገር_ቪኒል

ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ መልሱ ግን ጆሮ ላይ ብቻ አይደለም። ኦገስት 1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አድማ መታ፣ አባላቱ ሸክላ መቅዳት አቆሙ፣ ከዋናዎቹ ኩባንያዎች አንዳንዶቹ ጋ እስከ 1944 መጨረሻ ቆየ። ዘፋኞች ግን የማኅበሩ አባል ስላልነበሩ ከመዘምራን ጋር እየቀዱ ቀጠሉ፣ ስለዚህ አድማው ሲያልቅ ኮከቡ ዘፋኙ ሆኖ ተገኘ፣ ባንዱ ጀርባ ሆነ። ከዛ 1944 መንግሥት ጭፈራና ዘፈን ያለበት ቤት ላይ 30 በመቶ ቀረጥ ጣለ፣ ኋላ ወደ 20 ቢያወርደውም። ባለቤቱ ምን ያደርጋል፣ ዳንሱን አስቀርቶ ትንሽ ባንድ ያስገባል። 17 ሰው፣ 17 ደሞዝ፣ 17 አልጋ፣ አስላው። በ1946 ማለቂያ ላይ ብቻ ብዙ ስመ ጥር ባንዶች ተበትነዋል። ቤዚም በ1950 በትኖ በትንሽ ቡድን ሠርቷል። ኤሊንግተን ያልበተነው ከዘፈኖቹ የሚያገኘውን ገንዘብ እዛው ባንዱ ላይ እያፈሰሰ ስለያዘው ነው።

እሱም ቢሆን እስከ 1956 ድረስ «አለቀለት» ተብሎ ነበር። ከዛ የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል መጣ። ጁላይ 7 ማታ፣ ሁለት የድሮ ዘፈኖቹን ሲያገናኝ መሀል ላይ ፖል ጎንዛልቭስ በቴነር ይሞላበታል ተባለ፣ 27 ዙር ሳያቆም ነፋ፣ አንዲት ሴት ተነስታ መደነስ ጀመረች፣ ሕዝቡ ወንበር ላይ ወጣ። ጆ ጆንስ፣ ያው የቤዚው ከበሮ መቺ፣ መድረኩ ጎን ሆኖ በተጠቀለለ ጋዜጣ ምቱን ይመታላቸው ነበር። በቀጣዩ ወር ኤሊንግተን የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

የሚገርመው ጎንዛልቭስ የተሳሳተ ማይክ ላይ ነው የነፋው፣ የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ማይክ ላይ፣ የሸክላ ኩባንያው ላይ አይደለም። ስለዚህ በድሮው ሸክላ ሶሎው ራቅ ብሎ ነው የሚሰማው፣ ከሌላው ደግሞ ብዙው በስቱዲዮ ተመልሶ የተቀዳ ነው። የሬዲዮው ቴፕ ተገኝቶ ሁለቱ ተጋጥመው በ1999 ወጣ። ስትገዙ የ1999ኙን ግዙ፣ በስህተት የድሮውን የምታነሱ ብዙ ናችሁ።

ሁሉን_ተጠራጣሪ

እሺ ቀረጡን አላውቅም ነበር። ግን ዛሬስ? ዛሬም 17 ሰው ማን ይከፍላል?

ካንሳስ_ሲቲ

ኒውዮርክ ያለው የጃዝ ክለብ ቪሌጅ ቫንጋርድ በየሰኞው ይከፍላል ሃሃ። ታድ ጆንስና ሜል ሉዊስ እዛ የሚጫወት ቢግ ባንዳቸውን ፌብሩዋሪ 1966 ላይ ነው የጀመሩት፣ ሰኞ የተመረጠው የስቱዲዮና የብሮድዌይ ሙዚቀኞች ነፃ የሚሆኑበት ማታ ስለሆነ ነው። ሁለቱም ሞተዋል፣ ባንዱ ግን ቫንጋርድ ጃዝ ኦርኬስትራ በሚል ስም አሁንም ሰኞ ሰኞ አለ። ማሪያ ሽናይደርም አለች፣ ለትልቅ ባንድ የምትጽፍ፣ የ2020 «ዴታ ሎርድስ»ን ስማ ካላመንክ። ቦስተን አካባቢ ያለው አይዘር ኦርኬስትራ ደሞ የኛን ሙዚቃ ወስዶ ጃንዋሪ 2004 አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፣ ኢትዮፒክስ የሚባሉት የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ቁጥር 20 ላይ ተቀድቶ አለ፣ እነ ሙላቱና ጌታቸው መኩሪያ አሉበት።

ጡረተኛው_ጥሩምባ

ሰናይት ልጄ ጠይቀሽኝ ነበር። ጌታቸው በፈረንጅ 60ዎቹ ፖሊስ ኦርኬስትራ ሲገባ ቀድሞም ሸለላውን በሳክስፎን ይል ነበር። ወረቀት ላይ ያለውን እንደሌላው ይነፋል፣ ተራው ሲደርስ ግን ከወንበሩ ሲነሳ ፊቱ ይለወጣል፣ እንደ ፎካሪ ነው የሚራመደው። ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ፈረንጆቹ ኋላ ይሄ ፍሪ ጃዝ ነው አሉት፣ እሱ ግን ከአባቶቹ ነው ያመጣው። ዘ ኤክስ ከሚባለው የሆላንዶች ባንድ ጋር ሲጫወት ሰባ ሞልቶት ነበር፣ ትንፋሹን ስሚው።

ጀማሪ_ነኝ

«ኮተን ቴይል»ን እንደተባልኩት ሰማሁት። ቤዙ ቀላል ነው፣ ቴነሩም ቀላል ነው። አምስቱ ሳክሶች የሚሮጡበት ጋ ግን ባሪቶኑን አላገኘሁትም፣ ሶስቴ መለስኩት። «ሊል ዳርሊን»ን ደሞ ጊታሩን ፍለጋ ከፈትኩት ተኛሁበት፣ ይቅርታ ካንሳስ።

ካንሳስ_ሲቲ

ተኛህበት??? እሺ ልክ ነህ ማታ አትክፈተው። ቀን ላይ «ኤፕሪል ኢን ፓሪስ»ን ክፈት፣ ቤዚ «አንዴ ደግመን» እያለ መጨረሻውን ደጋግሞ ያስመልሳቸዋል፣ እዛ የሚተኛ ሰው የለም።

ባሪቶኑ

ባሪቶኑን እዛ ካላገኘኸው ተወው፣ «ሶፊስቲኬትድ ሌዲ» ብቻውን ሂድ፣ ከዛ ጆሮህ ድምፁን ሲይዘው ወደ «ኮተን ቴይል» ተመለስ። ስልክ ስፒከር ላይ ደሞ እንዳትሰማ፣ ታችኛው ድምፅ እዛ አይወጣም።

ሾፌሩ_ዲሲ

በሚቀጥለው ወር አንድ ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ቫንጋርድ ልሄድ ነው። ከዲሲ የሚመጣ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ቤንዚን እንካፈላለን። ሁሉን_ተጠራጣሪ አንተም ና ሂሳቡን እዛው ጠይቃቸው።

ካንሳስ_ሲቲ

ቲኬት ቀድማችሁ ኦንላይን ያዙ፣ ምድር ቤት ነው፣ ጠባብ ነው። ፊት ለፊት አትቀመጡ፣ ትሮምቦኑ ጭንቅላታችሁ ላይ ነው የሚመጣው።

ሸገር_ቪኒል

ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ አትስሙት።